ኤ-ቤ-ኮ፣ ኮ-ቤ-ኤ

የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ አቬኑ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ዊትዎርዝ ድራይቭ በሚወርድበት አጭር መንገድ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚቆላ ቡና ጭሱ እስከ አስፋልቱ ይወጣል። ከምግብ ቤቶቹ በአንዱ፣ ከጓዳው በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ግን ስኒ አልተደረደረም። ብስኩት የነበረበት ሰማያዊ ቆርቆሮ ተከፍቶ ተቀምጧል። በውስጡ ትናንሽ የወረቀት ፖስታዎች ተጠቅጥቀዋል፤ በየፖስታው ደግሞ ሽምብራ የማያህሉ፣ ሦስት ቀጫጭን እግር ያላቸው ጥቁር ነገሮች አሉ። ባለቤታቸው ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት ዓመት የቀራቸው አዛውንት ናቸው። ፊት ለፊታቸው አንድ ክራር ተጋድሟል።

ክራሩን ያመጣው የቤቱ ተጫዋች ነው። በቆዳው ላይ ፒዬዞ የሚባለውን፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ስስ የናስ ክብ ለጥፎበት፣ እሱን በትንሽ ማጉያ አድርጎ ከቤቱ ስፒከር ጋር አገናኝቶት ነበር። ቅዳሜ ማታ ባቲ ቃኝቶ ሲጀምር ቤቱ የሰማው የቆርቆሮ ድምፅ ሆነ። «ጋሼ፣ ቀጥኖብኛል። የወፍራሞቹ ክሮች ድምፅ የት እንደሚገባ አላውቅም» አለ።

ከአጠገባቸው የእህታቸው የልጅ ልጅ ተቀምጣለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። ከቆርቆሮው ሁለት ፍሬ አንስታ በጥፍሯ ይዛለች፤ በአንዱ ላይ 2ኤን3904፣ በሌላው ላይ ቢሲ547 ተጽፏል። ሁለቱም ደካማ ምልክት የሚያጎሉ ትራንዚስተሮች ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። «ጋሼ፣ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» አለቻቸው።

አዛውንቱ ይህን ጥያቄ ያውቁታል። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው መርካቶ ውስጥ ራሳቸው ጠይቀውታል። ያኔ ያገኙት መልስ «የሚሻለውን ተወውና መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ ንገረኝ» የሚል ነበር።

ዘመኑ 1962 ዓ.ም. ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመበት የሚሞላ፣ ጣሪያው ድረስ ሬዲዮ የተደረደረበት ነበር። ባለሱቁ ተግባረ ዕድ የተማሩ፣ የሚንዛዛ ነገር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደ እሳቸው ይመጣል። የመጀመሪያ ሥራው የደከሙ የባትሪ ድንጋዮችን ለይቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበር፤ ጥቂት የሞቀ ድንጋይ ለአንድ ምሽት ዜና ያህል ነፍስ ይዘራልና። ቀጥሎ የተሰጠው የወለቀ ሽቦ መበየድ ሲሆን፣ ትራንዚስተር እንዲነካ የተፈቀደለት ከስንት ወር በኋላ ነው።

ትራንዚስተር የሚባለው ነገር ራሱ ያኔ ገና የጎልማሳ ዕድሜ ነበረው። ባርዲንና ብራተን በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ የመጀመሪያውን የሠሩት በታኅሣሥ 1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሾክሊ ጋር ሆነው በ1956 ኖቤል ተሸለሙበት። በ1954 ሪጀንሲ ቲአር-1 የተባለው የኪስ ሬዲዮ በአራት ትራንዚስተር ብቻ እየሠራ በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ገበያ ወጣ። መኪና ባትሪ ወይም የግድግዳ መብራት የሚፈልገው የመብራት አምፖል የመሰለ ቱቦ ቀርቶ ሬዲዮ በትከሻ የሚንጠለጠል ሆነ። ይህ ነገር ኢትዮጵያ ውስጥ ምን እንዳደረገ ለመረዳት መብራት ያልደረሰበትን የገጠር ቤት ማሰብ ይበቃል። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ሥርጭት የጀመረው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ፕሮግራም ደግሞ በመጋቢት 1957 ዓ.ም.። የሚሰማ ነገር በዛ፤ የሚሰማበትም ዕቃ በዛ፤ የሚበላሸውም እንዲሁ።

ወደ ሱቁ ከሚመጡት ብዙዎቹ ፊሊፕሶች ነበሩ። በውስጣቸው ኦሲ71፣ ኦሲ72፣ ኦሲ44፣ ኦሲ45 የሚባሉ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ነበሩባቸው። ኦሲ71 ጥቁር ቀለም የተቀባ ብርጭቆ ነበር። አንድ ቀን ባለሱቁ የሞተ የመሰለውን አንዱን አንሥተው ቀለሙን በምላጭ ፋቁ፤ ከቴስተሩ ጋር አገናኙና «እጅህን ዘርጋበት» አሉት። መዳፉ ሲያጠላበት የቴስተሩ ቀስት ይወርዳል፤ ሲያነሳ ይወጣል። ብርሃን ገብቶ ከረንት ያስተላልፋል። ቀለሙ የተቀባው ለጌጥ አልነበረም ማለት ነው። ልጁ ያን ቀን ቤቱ እስኪደርስ መዳፉን እያየ ሄደ።

ጀርማኒየም ሙቀትም አይወድም። ሲሞቅ ማስተላለፍ በሌለበት ጊዜ ያስተላልፋል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያሞቀዋል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከመስታወቱ ሥር ያስቀመጡት ሬዲዮ ቀን ሲያጉረመርም ውሎ ማታ የሚድነው በዚህ ምክንያት ነበር። ሱቁ ሲደርስ ቀዝቅዞ ደህና ስለሚሆን ባለቤቱና ጠጋኙ ይነታረካሉ። ባለሱቁ ግን ነገሩን ስለሚያውቁት ሬዲዮውን ከካውያው አጠገብ አስቀምጠው ሲያጉረመርም ያሰሙታል።

ሲሊከን ሲመጣ ይህ ጣጣ ቀለለ። ቢሲ107 እና ቢሲ108 የሚባሉት የብረት ቆብ ያላቸው ትንንሽ ትራንዚስተሮች ገቡ። ነገር ግን ሲሊከን በጀርማኒየም ቦታ ዝም ብሎ አይተከልም፤ ጀርማኒየሙ ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ሲያገኝ ይነቃል፣ ሲሊከኑ ከ0.6 በላይ ይጠይቃል። ሬዚስተሮቹ ካልተለወጡ አዲሱ ትራንዚስተር ተኝቶ ይቀራል፤ ወይም ድምፁን ይቆራርጠዋል።

ችግሩ እዚህ ነበር። ትክክለኛው መለዋወጫ የሚገኝበት ቀን ጥቂት ነው። ልጁ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ምናለሽ ተራ ተልኮ ከተሰበሩ ሬዲዮኖች ቦርድ ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ ላይ የተነቀለው ይሁን ይባላል። ስለዚህ ቁጥር ማንበብን ተማረ። የአውሮፓው አዲሱ ስም ራሱ ይናገራል፤ ከፊት ኤ ካለው ጀርማኒየም፣ ቢ ካለው ሲሊከን ነው፤ ሁለተኛዋ ፊደል ሲ ከሆነች ለድምፅ፣ ኤፍ ከሆነች ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው። የጃፓኑም ይናገራል፤ 2ኤስኤ እና 2ኤስቢ ፒኤንፒ፣ 2ኤስሲ እና 2ኤስዲ ደግሞ የከረንት አቅጣጫው ተቃራኒ የሆነው ኤንፒኤን ናቸው። የአሜሪካኑ 2ኤን ግን የምዝገባ ተራ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ምንም አይነግርም፤ ማወቅ ነው እንጂ መገመት የለም።

አንድ ጊዜ ያለፈቃድ ገመተ። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ መጥቶ፣ ጣቢያ የሚይዘው ኦሲ170 ተቃጥሎ ነበር። ባለሱቁ ለቅሶ ሄደዋል። ልጁ ኦሲ45 አገኘ፤ ሦስቱን እግሮች በየቦታቸው በየደ፤ ከኦሲ170 ብረት ልብስ ጋር ብቻ የምትገናኘዋን አራተኛዋን ቦታ ባዶ ተዋት። የአዲስ አበባን ጣቢያ ሲከፍት ጥርት ብሎ መጣ። ባለቤቱ ከፍሎ ሄደ። በማግስቱ ተመለሰ፤ የሚፈልገው አዲስ አበባን ሳይሆን ከኮሎኝ የሚመጣውን ነበር፤ በአጭር ሞገድ ደግሞ ሬዲዮው ጭጭ ብሏል። ኦሲ45 የሚሮጠው እስከ 6 ሚሊዮን ዙር በሰከንድ አካባቢ ነው፤ ኦሲ170 ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይሮጣል። ባለሱቁ አልተቆጡም። ገንዘቡን መልሰው ልጁን «ሰውየው የሚሰማውን ጠይቀኸው ነበር?» አሉት። አልጠየቀም ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መውረድ በሬዲዮ በተነገረ ሰሞን ሱቁ ለወራት ፋታ አላገኘም። ዜና ያመለጠው ሰው ሬዲዮውን ይዞ እየሮጠ ይመጣል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሲባል ግን ሰዎች ሬዲዮ ሲያመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ የትኛው ሞገድ ላይ እንደተተወ ማንም ጠጋኝ ቀስቱን አይቶ ስለሚያውቅ። ባለሱቁ ሬዲዮ ሲረከቡ መጀመሪያ የጣቢያ መምረጫውን ዘወር ያደርጉት ነበር። ልጁ ለምን እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። በዚያው ዘመን ከአገር ወጣ። ሁለት ዓመት ካርቱም ሬዲዮ ሲጠግን ቆይቶ በ1982 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ደረሰ።

ፌርፋክስ ያኔ የአይሁዶች ሠፈር ነበር፤ የእንጀራ ሽታ አልነበረበትም። ወጣቱ ቀን መኪና ያቆማል፣ ማታ ኮሌጅ ይማራል። በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኑ ሬዲዮ ሻክ የሚባል ሱቅ ገባ። ግድግዳ ሙሉ ትራንዚስተር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል፤ ከጀርባው ደግሞ የእግሮቹ ሥዕል አለ። ቆሞ ቀረ። ከአንድ ዓመት በኋላ ፎረስት ሚምስ በእጅ ጽሕፈትና በእጅ ሥዕል ያዘጋጀው የጀማሪዎች ኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ እዚያው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ወጣቱ ገዝቶ አነበበ፤ ባለሱቁ በአፍ የነገሩት ሁሉ ተሥሎ አገኘው። በኋላም ቫን ናይስ ወደነበረው ኦል ኤሌክትሮኒክስ እየሄደ በመቶ የሚቆጠር በትንሽ ገንዘብ ይሸምት ጀመር። ምናለሽ ተራ ከወደቀ ቦርድ ላይ የሚነቀለው ነገር እዚህ በእፍኝ ይሰፈራል።

ብዛቱ ግን አዲስ ዓይነት ስህተት ይዞ መጣ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። ለቤቱ ወጥ ቤት የጭስ ማውጫ ማራገቢያን በራሱ የሚያበራ ነገር ሊሠራ ተነሣ። ማራገቢያውን የሚያበራው 5 ቮልት ሪሌይ 70 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። ቢሲ547 እስከ 100 ተፈቅዶለታል፤ ግን ወደ ወሰኑ መጠጋት አልወደደም። 2ኤን3904 በወረቀት ላይ 200 ይችላል፤ ሆኖም 100 ላይ ሲደርስ የማጉላት አቅሙ ከ30 በላይ እንዲሆን ብቻ ነው ዋስትና የተሰጠው። 2ኤን2222 ግን ለዚሁ የተፈጠረ ነው። ሞቶሮላ በ1962 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቃቸው አንዱ ሲሆን፣ 150 ሚሊአምፔር ላይ እንኳ ከመቶ በላይ ያጎላል። ከሱቅ የገዛውን የ2222 ከረጢት ቀደደ። በየደ። ሪሌዩ ዝም። ሽቦ ለወጠ፣ ሬዚስተር ለወጠ፣ ሪሌዩን ራሱን ለወጠ። ትራንዚስተሩ አይሞቅም፣ አልተቃጠለም፤ ትንሽ ከረንት ያሳልፋል፣ ሪሌዩን ግን አያነሣም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ጽሑፉን አነበበ። ፒኤን2222ኤ የመሰለው ፒ2ኤን2222ኤ ነበር። አንዲት «2» ብቻ ናት የተጨመረችው። በእሷ ምክንያት ግን ኤሚተር፣ ቤዝና ኮሌክተር የሚባሉት ሦስቱ እግሮች ተገልብጠዋል፤ ኤሚተር ባለበት ኮሌክተር፣ ኮሌክተር ባለበት ኤሚተር ሆኗል። የተገለበጠ ትራንዚስተር አይሞትም፤ መቶ እጥፍ ማጉላት ሲገባው ጥቂት እጥፍ ብቻ እያጎላ ሰውን ያደክማል።

የጥንቶቹ የብረት ቆቦች ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። ከቆቡ ጠርዝ ትንሽ ምላስ ትወጣለች፤ ከምላሷ አጠገብ ያለው እግር ኤሚተር ነው። ቢሲ107 ሆነ 2ኤን2222፣ አውሮፓ ተሠራ አሜሪካ፣ ምላሷ አንድ ቋንቋ ትናገራለች። ፕላስቲኩ ሲመጣ ምላሷ ጠፋች። በጠፍጣፋው ፊት፣ እግሮቹን ወደታች አድርገው ከግራ ሲቆጥሩ 2ኤን3904 ኤሚተር-ቤዝ-ኮሌክተር ነው። ቢሲ547 ኮሌክተር-ቤዝ-ኤሚተር ይሆናል። የጃፓኑ 2ኤስሲ1815 ደግሞ ቤዝን ወደ ጠርዝ ገፍቶ ኤሚተር-ኮሌክተር-ቤዝ ብሎ ይደረደራል። ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው በየፖስታው ጀርባ በአማርኛ መጻፍ የጀመረው፦ ኤ-ቤ-ኮ፣ ኮ-ቤ-ኤ፣ ኤ-ኮ-ቤ። ብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት ፖስታዎች እነዚሁ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ይግባ። ከፌርፋክስ ጥቂት ማይሎች ወደ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ከልቨር ሲቲ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ፓሲፊክ ሴሚኮንዳክተርስ የሚባል ኩባንያ ተቋቁሞ ዳዮድና ትራንዚስተር ይሠራ ነበር። አዛውንቱ ይህን ያወቁት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃያ ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው። ዛሬ በዚያ መንገድ ሲያልፉ ሁልጊዜ መኪናቸውን ቀስ ያደርጋሉ። በልጅነታቸው ከዓለም ጫፍ የሚመጣ የመሰላቸው ዕቃ፣ ከመኖሪያቸው በመኪና ሩብ ሰዓት በማይሞላ ቦታም ይሠራ ነበር።

በ2002 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ያንን የፌርፋክስ መንገድ ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰየመው። የመንገድ ምልክቱ ሲተከል እሳቸውም ቆመው ነበር። ያኔ መርካቶ፣ መሶብ፣ ኒያላ የሚሉ ስሞች በየበሩ ላይ ነበሩ። የሬዲዮ ሱቅ ግን አልነበረም፤ ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ቀርቷል። ለእሳቸው የሚመጣላቸው የማጉያና የክራር ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ክራሩ። ልጅቷ ሁለቱን ፍሬዎች አሁንም በጥፍሯ እንደያዘች ነው።

«መጀመሪያ የታመመውን እንወቅ፣ የኔ ልጅ» አሏት። የተጫዋቹን ትንሽ ማጉያ ከፈቱ። በመግቢያው ላይ 2ኤን3904 አለ፤ አሠራሩ ከፊቱ ለሚመጣው ምልክት 10 ሺህ ኦም ገደማ ሸክም ነው። ፒዬዞው ደግሞ በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ 20 ናኖፋራድ የሚያህል ካፓሲተር ነው። ልጅቷ ፊዚክስ ትማራለችና በስልኳ አሰላች፤ ሁለቱ ሲገናኙ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል። የክራሩ ወፍራም ክሮች የሚናገሩት ከዚያ በታች ነው። ድምፁ የትም አልገባም፤ በሩ ጠብቦበት ነው።

«ስለዚህ ትራንዚስተሩ መጥፎ ነው?» አለች።

አይደለም። ትራንዚስተሩ የተጠየቀውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ጀማሪዎች ከሁለት ትራንዚስተር የቱ ይበልጣል እያሉ የሚያጠፉት ጊዜ ግማሹ ሰርኪዩቱ ምን እንደሚፈልግ በመጠየቅ ቢያልፍ ኖሮ ብዙ ትራንዚስተር ከቅርጫት ይተርፍ ነበር። አዛውንቱ ሰርኪዩቱን ራሱን ለወጡት። ምልክቱ በቤዝ ገብቶ ከኤሚተር የሚወጣበት፣ ድምፅ የማይጨምር ግን ሸክሙን የሚያቀልል አሠራር አበጁ፤ ከ9 ቮልት ባትሪ ሁለት 2.2 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ለቤዙ፣ 47 ሺህ ኦም ለኤሚተሩ።

ምርጫው ትርጉም የሚያገኘው አሁን ነው። ሬዚስተሮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ቤዙ ብዙ መጠጣት የለበትም። በእንዲህ ያለ ትንሽ ከረንት 2ኤን3904 ዋስትና የተሰጠው ለ40 እጥፍ ማጉላት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ፍሬ ቢያጋጥም ዕድል ነው። ቢሲ549 ደግሞ የቢሲ547 ወንድም ሆኖ ለጸጥታው የተመረጠ ነው፤ በስሙ መጨረሻ ሲ ያለበት ከ420 እስከ 800 እጥፍ ያጎላል። ቮልቴጁ 30 ብቻ ቢሆን፣ ከረንቱ 100 ቢሆን ለክራር ምኑ ነው? አዛውንቱ ግን እንዲሁ እንድታምናቸው አልፈለጉም። መጀመሪያ 3904ን ሰኩላት፤ መልቲሜትሩን ኤሚተሩ ላይ አደረገች፤ 3.3 ቮልት። ነቅለው ቢሲ549ሲን ሲሰኩ ደነገጠች፤ ቮልቴጁ ወድቋል።

«እግሩ!» አለች ወዲያው፣ ፖስታውን ገልብጣ። ኮ-ቤ-ኤ ይላል። አዙራ ሰካችው። 3.7 ቮልት።

ተጫዋቹ ተጠራ። ክራሩን አንሥቶ መጀመሪያ በ549ኙ፣ ቀጥሎ በ3904ኙ መታው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ጥሩ ዘፈኑ፤ ወፍራሞቹ ክሮች በሁለቱም ተመልሰዋል፤ ያዳናቸው ሰርኪዩቱ ነውና። ጠንከር አድርጎ ሲመታ ግን በ3904ኙ ጫፉ ላይ ትንሽ መሻከር ተሰማ፤ ባትሪው ሲደክም ይህ ይብሳል። 549ኙ እንዲቀር ተስማሙ። ከባትሪው የሚጠጣው ከ0.1 ሚሊአምፔር ብዙም ስለማይዘል ለወራት ይቆያል።

ቡና የሚያፈሉት እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው «ቡናው ቀዘቀዘ እኮ» አሉ። ማንም አልተነሣም። ልጅቷ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ፖስታ አውጥታ እያገላበጠች ነው፤ ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም። ውስጡ ግማሽ ቀለሙ በምላጭ የተፋቀ፣ እግሩ ያጠረ ብርጭቆ አለ። መብራቱ ሥር ከፍ አድርጋ ያዘችው። አዛውንቱ መልቲሜትሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉና «እጅሽን ዘርጊበት» አሏት።